ራሴን ነቅንቄ መቂ ገባሁ

ይህን የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ወጥታችሁ ለማታውቁ፣ ወደፊትም ለማትወጡ ነው። ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ይዋሻችኋል። ሙቀቱን አብዝቶ፣ የበላውን አሳምሮ፣ የተዋረደበትን ዘልሎ ነው የሚያወራው። እኔ የተዋረድኩበትን ብዘል የሚተርፈኝ ወሬ ስለሌለ አልዘልም። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት፣ የልጄ እኩያ ከሆነች መምህርት ነው። አጻጻፌ ቢያነክስ ዘግይቶ የተነሳ መንገደኛ ነው ብላችሁ እለፉት።

ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ ማሲንቆ እመታለሁ። የማታውቁት አዝማሪ ከሌላው ዘፋኝ የሚለየው በአፉ ሳይሆን በጆሮው መሆኑን ነው። እንግዳው ከተቀመጠበት «ተቀበል» ይልና ሁለት ስንኝ ይወረውራል። እኔ እቀልብና በዜማ አድርጌ እመልስለታለሁ። ካልቀለብኩ እንጨትና ጭራ የታቀፈ ሽማግሌ ነኝ። ከዓመት ወዲህ አልቀልብም። የሰውየውን አፍ እያየሁ፣ መልኩን እያየሁ፣ የመሰለኝን ከራሴ ፈጥሬ እዘፍን ነበር። ብዙ ጊዜ ያምርልኝ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱ ጎልማሳ ለሞተ ወንድሙ ግጥም ሰጠኝ፤ እኔ ስለ ሴት ዳሌ ዘፈንኩለት። ብርጭቆውን አስቀምጦ እያለቀሰ ወጣ።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ወርቄ «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ።

«ሰክሬ ነው» አልኳት። አዝማሪ ሰከረ ቢባል ማንም አይደነቅም። ደነቆረ ከተባለ ግን አበቃለት። እኛ ከተማ ሐኪም ቤት ብገባ ደግሞ ከእኔ በፊት ወሬው ይወጣል። ስለዚህ ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ፣ ማንም ወደማያውቀኝ ወደ አዳማ ጆሮዬን ላስመረምር ሄድኩ።

ሐሙስ

በጠዋቱ መኪና ወጣሁ። ጋቢ፣ ከላይ ካፖርት፣ ማሲንቆዬን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ። አዲስ አበባ ላይ አውቶቡስ ቀየርኩ። ወያላው በአፉ «ናዝሬት፣ ናዝሬት» ይላል፤ መስታወቱ ላይ የለጠፈው «አዳማ» ይላል። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ እንዲህ ያለው ነገር አያመልጠኝም። ተሳፋሪው በሁለቱም ይገባል።

ከግራዬ አንድ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ ሰው ተቀመጠ። ግራ ጆሮዬ ጭራሽ የሞተው ነው። ሾፌሩ ደግሞ ሙዚቃውን ለቆታል፤ እኔ ዘንድ የሚደርሰው በመቀመጫው በኩል የሚመጣው የከበሮው ድም ድም ብቻ ነው። ቢሾፍቱን እንዳለፍን ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ ረጅም ነገር ተናገረ።

«እ?» አልኩት። ደገመው።

«ምን አልክ?» አልኩት። ደገመው። ቀኝ ጆሮዬን አዞርኩለት፤ አሁንም ከመጀመሪያው ጀምሮ በትዕግሥት ደገመው። ሞጆ ደርሰን የደረቅ ወደቡ ኮንቴይነር እንደ ልጅ መጫወቻ ተደራርቦ ሲታይ፣ እዚያ እንደሚሠራ በጣቱ ጠቆመኝ። ዓይኑ ይለምነኛል። የማይሰማ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ አንድ መሣሪያ አለው፤ እኔም ተጠቀምኩበት። ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰውየው እጄን ይዞ ሳመው። ዕድሜዬን ሙሉ እጄን የሳመኝ የለም። ምን እንደሸጥኩለት ሳላውቅ ፈራሁ።

አዳማ ስንወርድ ከረጢቴን ተሸክሞ፣ ጥሩ ፔንሲዮን አስይዞኝ፣ ስሙንና ስልኩን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ደረጀ ይባላል። ሲሄድም ሁለት ጣት አሳየኝ። ከሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው ብዬ ነቀነቅሁ። መነቅነቅ እንደ ሱስ ነው፤ አንዴ ከጀመሩት አይቆምም።

ስለ ሙቀቱ ልንገራችሁ። የእኛ ብርድ ሌባ ነው፤ በቀዳዳ ይገባል። የአዳማ ሙቀት ባለሥልጣን ነው፤ በዋናው በር ገብቶ አልጋህ ላይ ይቀመጥና አንተን መሬት ያስወርድሃል። እኔም መሬት ወርጄ፣ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቼ ተኛሁ።

ዓርብ

ዓይኔን ስገልጥ ጣሪያ በማየት ፈንታ አምስት ሰው አየሁ። የፔንሲዮኗ ባለቤት ከፊት፣ እጇ ደረቷ ላይ። ለካ ሻይ ይዛ መጥታ በሩን ስትደበድብ ቆይታለች። መልስ ስታጣ ሽማግሌው ሞተብኝ ብላ በትርፍ ቁልፍ ከፈተች። ጎረቤቱንም ለምስክር አመጣች። እኔ በውስጥ ሱሪ ሲሚንቶ ላይ ነኝ።

«እንቅልፌ ከባድ ነው» አልኳት።

እሷም አምናኝ፣ ከድንጋጤዋ ስትመለስ ፉል በእንቁላል ከነትኩስ ዳቦው አምጥታ ሦስት ጊዜ ጨመረችልኝ። እኛ አገር ሞተ የተባለ ሰው ሲነሳ መጀመሪያ ይሰደባል። እዚህ መጀመሪያ ያበሉታል።

ክሊኒኩ ቅርብ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በትንሽ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፋችብኝና «ድምፅ ሲሰሙ ይቺን ይጫኑ» ብላ በእጇ አሳየችኝ። እሷ በመስታወት ወዲያ ማዶ ናት። ትንሽ እንደቆየሁ ክንዷ ንቅንቅ ሲል ድምፅ እንደምትልክ ገባኝ። ክንዷ ሲነቃነቅ እጫናለሁ። ሃያ ጊዜ ያህል ተጫንኩ፤ አንዱም አላመለጠኝም። ወጥታ በሩን ከፈተች።

«ጋሼ፣ ማሽኑን ካጠፋሁት ቆየሁ።»

ጣቴን ከመጫኛው ላይ አነሳሁ።

«እኔን ነው የሚያታልሉት ወይስ ጆሮዎን?»

ከዚያ መስታወቱ ላይ ፎጣ ሰቅላ እንደገና ጀመረች። አሁን የእውነት ሆነ። ረጅም ጊዜ ዝምታ ውስጥ ተቀመጥኩ። ስትጨርስ ፊት ለፊቴ ወረቀት ላይ መስመር ሠርታ አሳየችኝ፤ መስመሩ ከጣርማ በር ቁልቁል እንደሚወርድ መንገድ ነው። ግራው ሞቷል። ቀኙ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል፤ ቀጭኑን ለቆታል። ሥራዬን ስትጠይቀኝ ነገርኳት። የምቀመጠው የት እንደሆነ ስትጠይቅም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በግራዬ በኩል ስፒከር እንዳለ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። የእሷ መነቅነቅ ገብቷት ነው።

«የጆሮ መሣሪያ ይረዳዎታል» ብላ በትልልቁ ጻፈችልኝ። «ለንግግር። ለሙዚቃ ግን ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይልብዎታል።»

አዳማ መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጬ የጠፋብኝን ቆጠርኩ። ወፍ ጠፍቷል፤ ግድ የለም፣ ወፍ ከፍሎኝ አያውቅም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ጠፍቷል። የሴቶች እልልታ ጠፍቷል። ይሄኛው ከበደኝ። ሠርግ ቤት አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸው ሲርገበገብ አያለሁ፤ ውኃ ውስጥ እንዳለ ዓሣ። የቀረልኝ የከባድ መኪና ፍሬን፣ ከበሮና የገዛ ደረቴ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ግጥም የሚሰጠኝ የለም።

ቅዳሜ

በጠዋት ደረጀ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ከኋላው ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ከወሎ መጥተው አዳማ የከተሙ ባለ ሱቅ ሽማግሌ አሉ፤ ሐጂ ሰዒድ። ፒክአፕ ይዘዋል። ሐጂ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ወፍራም ነው። በቀኝ ጆሮዬ ሰማኋቸው። ተመስገን።

«ልጁን ለመዳር እሺ ያልከው አንተ ነህ?»

«ማንን?»

ሐጂ ወደ ደረጀ ዞሩ። ደረጀ ለአምስተኛ ጊዜ፣ አሁንም ሳይሰለች፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከልኝ። መቂ ውስጥ የምትኖር ሊዲያ የምትባል ልጅ ይወዳል። ሁለት ሽማግሌ ሊልክ ቀጠሮ ይዟል። አንዱ አጎቱ ነበሩ፤ ታመው ተኙ። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ደጅ አይሄድም፤ ቀጠሮ ቢያፈርስ ደግሞ አባትየው ሁለተኛ በር አይከፍቱም። አውቶቡስ ላይ ጋቢዬንና ሽበቴን አይቶ እግዚአብሔር የላከለት መሰለው። እኔ ጋቢ የለበስኩት ለደብረ ብርሃን ብርድ ነበር።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አሉኝ ሐጂ።

«አዝማሪ።»

ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት። «የልጅቱ አባት ጴንጤ ናቸው። ቤታቸው ዘፈን አይገባም። አንተ ደግሞ ዘፈኑን በከረጢት ይዘኸዋል።»

«እዚህ ልተወው?»

«ይምጣ፤ ግን መኪና ውስጥ ይቀመጥ። ሥራህን ከጠየቁህ ነጋዴ ነኝ በል።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ደረጀን አየሁት፤ የሸሚዙን ኮሌታ አሥር ጊዜ ይነካካል። ነቀነቅሁ።

ከሞጆ ወደ ግራ ታጥፈን፣ ቆቃን አለፍን። አገሩ ሜዳ ነው፤ እንደ እኛ አገር ገደል አይከለክለውም። መንገድ ዳር ሽንኩርት በጆንያ፣ ቲማቲም በሳጥን። ሐጂ ሐብሐብ ገዝተው በጩቤ ቆረሱና «ብላ፤ እዚያ ግን መልስ ሳይሰጠን ምንም እንዳትቀምስ፤ ጉዳያችን ሳይሰማም እንዳትቀመጥ» አሉኝ። ይህን የተናገሩት አፋቸውን በሐብሐብ ሞልተው፣ ከግራዬ በኩል ነበር። እንደተናገሩ ያወቅሁት በኋላ ሲሰድቡኝ ነው።

ደረጀ መቂ መግቢያ ሻይ ቤት ቀረ። እኛ ገባን።

አባትየው አቶ ገመቹ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በጅምላ የሚያከፋፍሉ ደንዳና ሰው ናቸው። ሐጂ «አካም ጂርቱ» ብለው ጨበጧቸው፤ እኔም ጨበጥኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር በእጃቸው ወንበር አሳዩን። እጅ ወንበር ካሳየ ምን ይደረጋል? ተቀመጥኩ። ፊቴ ጭኮ በሰሐን አለ፤ ለማታውቁት፣ ገብስ በቅቤ ታሽቶ ነው፣ የእኛን በሶ የሚያሳፍር። አንስቼ ጎረስኩ። ቀና ስል ሐጂ ቆመዋል። ከንፈራቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል። የእኔ ጉንጭ ሞልቷል። ሐጂ መሬቱን በእግራቸው ረገጡት፤ ያን በጫማዬ ሰማሁት። ከነጉርሻዬ ተነሳሁ።

አቶ ገመቹ ሰሐኑን አዩ፤ እኔን አዩ። ይሄ የባሰ ነው። «እንጸልይ» እንዳሉ ከእጃቸው አወቅሁ፤ አንገቴን ደፍቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይኔን ከጨፈንኩ ዓለም አለቀ ማለት ነው። ጸሎቱ መቼ እንደሚያበቃ የሚነግረኝ ነገር የለም። ቆየሁ። ቶሎ ቀና ብዬ ከማፈር ብዬ ጨመርኩ። አንድ ሰው ትከሻዬን በቀስታ ነካኝ። ቀና ስል ሁሉም ተቀምጠው እኔን ያያሉ፤ ወይዘሮ አስቴር ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«የጸሎት ሰው ናቸው» አሉ ለባላቸው። ጭኮውንም ይቅር አሉኝ መሰለኝ።

ትከሻዬን የነካችኝ ሊዲያ ናት። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ታሠለጥናለች። የማን ዓይን ወዴት እንደሚያይ ታውቃለች። የማየው የሚናገሩትን ሰዎች አፍ እንጂ ዓይናቸውን እንዳልሆነ ነቅታብኛለች። ሄዳ ከአባቷ ወንበር ጀርባ ቆመች። አባቷ አንገታቸውን ደፍተው የሚጠይቁኝን፣ እሷ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ፣ ቀስ አድርጋ ደገመችልኝ።

«ልጁን ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል?»

ሐጂ ለዚህ መልስ መኪና ውስጥ አዘጋጅተውልኝ ነበር፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ። ልናገረው አፌን ከፈትኩ። የልጅቱ ከንፈር ፊቴ አለ። በሕይወቴ ከጠየቁኝ ጥያቄዎች ሁሉ በግልጽ የደረሰኝ እሱ ነበር፤ በእሱ ላይ ውሸት ማስቀመጥ አቃተኝ።

«ከትናንት ወዲያ» አልኩ። «አውቶቡስ ላይ። የጠየቀኝንም አልሰማሁም። ጆሮዬ ሞቷል። ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ እዚህ ደረስኩ። ጸሎቱም እንዳለቀ አልሰማሁም። ነጋዴም አይደለሁም፤ አዝማሪ ነኝ።»

ሐጂ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ተናገርኩት፤ ያውም በሰው ልጅ ጋብቻ ላይ።

አቶ ገመቹ ከእርስዎ ወደ አንተ ወረዱ። «ታዲያ አንተ ሰውዬ ምን ብለህ ነው ልጄን የምትጠይቀኝ?»

«ስለ ልጁ የማውቀው አንድ ነገር ነው። የማልሰማ መሆኔን ሳያውቅ አንድ ነገር አራት ጊዜ ደገመልኝ። ዛሬ ጠዋት አምስተኛ። ድምፁን አልጨመረብኝም፤ በምሬት አልተነፈሰብኝም። የገዛ ልጄ ሁለቴ ከደገመልኝ በሩን በላዬ ላይ ይዘጋዋል።»

ወይዘሮ አስቴር ወደ ባላቸው ዞሩ። የተናገሩትን ሐጂ በኋላ ነገሩኝ። «አንተ እኮ ቁልፉ የት አለ ስልህ አንዴም አትመልስልኝም» ነበር ያሉት።

አቶ ገመቹ አኮረፉ። ሊዲያ ግን ፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠችና «ሳይሰሙ እንዴት ይቃኛሉ?» አለችኝ።

ማሲንቆው መኪና ውስጥ ነው አልኳት። ከሰው ሁሉ ቀድማ ሄዳ አመጣችው። አባቷ ጣታቸውን አነሱ፤ «በቤቴ አይዘፈንም። ይቃኝ፣ በቃ።»

ቃኘሁ። የማሲንቆውን አንገት መንጋጋዬ ላይ አስደግፌ ስገዘግዘው ድምፁ በአጥንቴ ይገባል፤ ጆሮ የሚባል በረኛ አያስፈልገውም። በዚያ ሙቀት ቆዳው ደርቆ ተወጥሯል፤ ደብረ ብርሃን ላይ የማላገኘውን ድምፅ አወጣ። ጭራውን ጠበቅ አደረግሁ፤ ላላ አደረግሁ። ቃኝ ተብሎ መቼ ጨርስ አልተባለም። አንድ ጊዜ በትዝታ ቃኘሁ፤ አንድ ጊዜ በባቲ። ከባቲው ሳልወጣ ትንሽ ዞር ዞር አልኩ። ሐጂ የባቲን ነገር ያውቃሉና ቆባቸው መወዝወዝ ጀመረ። የወይዘሮ አስቴር ጫማ መሬቱን ይነካል፤ ቃና የሌለው ሰው እንዲያ አይነካም። አቶ ገመቹ መስኮት ያያሉ፤ የእጃቸው ጣቶች ግን ወንበሩ ክንድ ላይ ሥራ ይዘዋል። እኔ አልዘፈንኩም። ማንም ዘፈነ ሊለኝ አይችልም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቃኘሁ።

ስጨርስ አቶ ገመቹ «ተቃኘ?» አሉ።

«ከሞላ ጎደል።»

ከዘመድ ጋር እንመክራለን፣ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ መልስ እንሰጣለን አሉ። እንደ ደንቡ ነው። ሻይ ቤት የጠበቀን ደረጀ የሐጂን ፊት አይቶ አመድ መሰለ። ለምሳ ወደ ሐይቁ ወረድን፤ ሐጂ እስከ ባቱ ከተማ ሰደቡኝ። ባቱ ደርሰን የሐይቁን ዓሣ ጥብስ ሲያቀርቡልን ግን ትልቁን ከእኔ ፊት አደረጉት። አሁን ሲናገሩም በቀኜ ዞረው ነበር።

እሁድ

ተመለስኩ። የፔንሲዮኗ ሴትዮ በር ድረስ ሸኘችኝ። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ «አልሰማም፤ ጻፍልኝ» አልኩት። ጻፈልኝ። «ቦታ እንቀያየር?» ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ይህን ብል ኖሮ መቂን ባላየኋት ነበር። ብርዱ ሲቀበለኝ ጋቢዬ ትርጉም አገኘ።

ለእትዬ ወርቄ ነገርኳት። ሥራዬን እንደማጣ አውቄ ነው የነገርኳት። ከመሳቢያዋ የሒሳብ ብጣሽ ወረቀትና እርሳስ አወጣች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በየጠረጴዛው አስቀመጠችው። አሁን ተቀበል የሚል ሁሉ ይጽፋል። የአንዳንዶቻችሁ ፊደል ከእኔ የከፋ ነው፤ ፊደሉን እየቆጠርኩ ብዘገይ እናንተው ናችሁ ጥፋተኛ። የመጀመሪያውን ወረቀት የላከልኝ ያ የወንድሙን ሐዘን ያበላሸሁበት ጎልማሳ ነበር።

ጆሮ ያለው ሞልቷል ሰምቶ የማይገባው፣
የኛስ ደንቆሮ ነው አንብቦ 'ሚያባባው።

ፊደል በፊደል አነበብኩት። ቤቱ ጠበቀኝ። ከዚያ የወንድሙንም ጻፈልኝ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም፤ የእሱ ነው።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ደረጀ ነው። መደወል ትቷል፤ ይጽፍልኛል።

«ጋሼ፣ እሺ አሉ። ለሠርጉ እርስዎም ይምጡ ብለዋል። አቶ ገመቹ ሁለት ነገር አደራ ብለዋል። ሳይፈቀድ እንዳይቀመጡ። ማሲንቆውም ያልተቃኘ ሆኖ ይምጣ።»